ሁለት ጊዜ የተጻፈ የባሕር ትዝታ

በየብስ ላይ የተካሄደ ጦርነት ከኋላው ምስክር ይተዋል። የተቆፈረው ምሽግ፣ የተቃጠለው መንደር፣ ድንጋይ የተከመረበት መቃብር ዓመታት ካለፉ በኋላም ለመንገደኛው አንድ ነገር ይናገራሉ። ባሕር ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ሌሊት ብዙ ሰው ያለቀበት ስፍራ በማግሥቱ ጧት ሲታይ ከአካባቢው ውኃ የሚለይበት ምልክት አይገኝም። የመርከቢቱ መዝገብ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሥፍራውን ይመዘግብ ይሆናል እንጂ፣ በዚያች ሰዓት ሰው ምን እንዳየ፣ ምን እንደሠራና ምን እንደተሰማው አይጽፍም። ይህን የሚያውቀው በስፍራው ተገኝቶ በሕይወት የተመለሰው ባሕረኛ ነው። እርሱ ዝም ካለ ነገሩ ከመርከቧ ጋር ሰጥሞ ይቀራል፤ እርሱ ካሳመረውም ማሳመሩን የሚያጋልጥ ፍርስራሽ የለም። የዘማች ባሕረኛ ትዝታ በሥነ-ጽሑፍ ሚዛን ሲመዘን ጥብቅ ምርመራ የሚያሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእንዲህ ያለው ምርመራ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኒኮላስ ሞንሳራት ሥራዎች እጅግ የተመቹ ናቸው። ሞንሳራት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በባሕር ኃይል መኮንንነት ዘምቷል፤ ያየውንም ሁለት ጊዜ ጽፎታል። መጀመሪያ ጦርነቱ ገና እየተፋፋመ ሳለ በማስታወሻ መልክ፣ ኋላ ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ ከስድስት ዓመት በኋላ በልብ ወለድ መልክ ነው። ባሕሩ አንድ ነው፤ ዘማቹም አንድ ነው፤ መጻሕፍቱ ግን አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መመርመር፣ ዘማች ስለ ጦርነት እውነቱን መናገር የሚችለው መቼና በምን ዓይነት መንገድ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘማቹና መርከቢቱ

ሞንሳራት በ1910 በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል ተወለደ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ ለጥቂት ጊዜ በጠበቃ ቢሮ ከሠራ በኋላ ያን ሥራ ትቶ ወደ ድርሰት ዓለም ገባ፤ በ1930ዎቹ ዓመታትም ልብ ወለዶችን አሳተመ። በአቋሙ ጦርነትን የሚቃወም ሰው ስለነበር፣ ጦርነቱ በ1939 ሲፈነዳ መጀመሪያ የተሰለፈው ቁስለኛ በሚያነሳ የአምቡላንስ አገልግሎት ውስጥ ነው። በ1940 ግን በባሕር ኃይሉ የበጎ ፈቃደኞች ተጠባባቂ ክፍል ገብቶ፣ ካምፓኑላ በተባለች አነስተኛ አጃቢ የጦር መርከብ ላይ በመኮንንነት ተመደበ። በኋላም ራሱ የመርከብ አዛዥ ለመሆን በቅቶ በ1946 ከአገልግሎቱ ተሰናበተ። ጠመንጃን የሚጠላ ሰው በጦር መርከብ ላይ አምስት ዓመት ማሳለፉ የሥራዎቹን መንፈስ ለመረዳት ቁልፍ የሆነ ነገር ነው። ጦርነቱ አስፈላጊ መሆኑን አምኖ ገባበት፤ ጦርነት መልካም ነገር ነው ብሎ ግን አንድም ቀን አልጻፈም።

ካምፓኑላ ኮርቬት ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ነበረች። የኮርቬቶቹ ንድፍ የተወሰደው ከአሣ ነባሪ ማጥመጃ መርከብ ነው። ርዝመታቸው 62 ሜትር ያህል ሲሆን 85 ያህል ሰዎችን ይይዙ ነበር። ትልልቅ የጦር መርከቦችን የመሥራት ልምድ በሌላቸው ፋብሪካዎች ጭምር በፍጥነት እንዲሠሩ ታስበው የተነደፉ በመሆናቸው በብሪታንያና በካናዳ ከ250 በላይ ተሠርተዋል። ፍጥነታቸው በሰዓት 16 የባሕር ማይል ብቻ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከውኃ በላይ ስትጓዝ 17 ያህል ትሄዳለች። ስለዚህም አዳኙ ከሚታደነው ይዘገይ ነበር። መሣሪያቸው አንድ መድፍ፣ ወደ ውኃ ተጥሎ በተወሰነ ጥልቀት ላይ የሚፈነዳ ቦምብ፣ እንዲሁም ድምፅ ወደ ውኃ ውስጥ ልኮ በሚነጥረው ድምፅ የጠላትን ሥፍራ የሚጠቁመው አስዲክ የተባለ መሣሪያ ነበር።

የሥራቸው ፋይዳ ከመርከቦቹ ትንሽነት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ብሪታንያ የምትበላው እህል፣ የምታነደው ነዳጅ፣ የምትዋጋበት መሣሪያ በአብዛኛው በባሕር የሚመጣ ስለነበር፣ ጀርመን ይህን መንገድ በሰርጓጅ መርከቦች ለመቁረጥ ተነሣች። የንግድ መርከቦች እንደ ጥንቱ የሲራራ ነጋዴ በቅፍለት ተደራጅተው፣ ጥቂት የጦር መርከቦች ዙሪያቸውን እየጠበቁ ይሻገሩ ጀመር። ከ1939 እስከ 1945 በዘለቀው በዚህ ትግል ወደ 3,500 የሚጠጉ የንግድ መርከቦችና ወደ 175 የሚጠጉ የጦር መርከቦች ሰጥመዋል። ሞንሳራት የጻፈው ስለዚህ ጥበቃ ነው። ጥበቃ ደግሞ በጠባዩ ድል የማይታይበት ሥራ ነው። ምንም ነገር ካልተፈጠረ ጥበቃው ሰምሯል፤ የሚነገር ታሪክ ግን የለም።

በጦርነት መካከል የተጻፈው

የመጀመሪያዎቹ ማስታወሻዎች በ1942፣ በ1943 እና በ1944 በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት ታተሙ፤ በ1945 ደግሞ «ሦስት ኮርቬቶች» በሚል ርዕስ በአንድ ጥራዝ ተጠቃለሉ። እነዚህ ጽሑፎች ከመነሻ እስከ መድረሻ የተያያዘ ታሪክ አያቀርቡም። በጥበቃ ተራና በጥበቃ ተራ መካከል የተያዙ አጫጭር ትዝብቶች ናቸው። ስለ ማዕበሉ፣ ስለ እንቅልፍ እጦቱ፣ ስለ እርጥቡ ልብስ፣ ከውኃ ተጎትተው ስለሚወጡ ሰዎች፣ በጠባብ ክፍል አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ጠባይ በቀላልና በለዛ ቋንቋ ይተርካሉ።

የእነዚህን ማስታወሻዎች ዋጋ አሳንሶ ማየት አይገባም። በ1942 የሚጽፈው መኮንን ጦርነቱን ማን እንደሚያሸንፍ አያውቅም። በሚቀጥለው ጉዞ ራሱ በሕይወት መመለሱንም አያውቅም። ከጦርነት በኋላ የሚጻፍ ማንኛውም መጽሐፍ ይህን አለማወቅ መልሶ ሊያገኘው አይችልም፤ ፍጻሜውን የሚያውቅ ተራኪ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ድምፁ ውስጥ የተረፈ ሰው እርጋታ ይሰማል። ማስታወሻዎቹ ግን እርጋታቸው የተረፈ ሰው እርጋታ አይደለም። ነገ ሥራ ስላለበት ዛሬ ለመሸበር ጊዜ ያጣ ሰው እርጋታ ነው።

ይሁንና ወሰናቸው ግልጽ ነው። በአገልግሎት ላይ ያለ መኮንን የሚጽፈው ሁሉ በሳንሱር ያልፋል። የመርከቦቹ እውነተኛ ስም አይገለጽም፤ ጠላት የሚጠቀምበት የአሠራር ምስጢር አይነገርም። ከዚህ የውጭ ሳንሱር ይልቅ የሚከብደው ግን የውስጥ ሳንሱር ነው። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን የሚያነበው የሟቹ እናት ነች፤ ነገ የሚዘምተው ወጣት ነው፤ አብሮት በአንድ ገበታ የሚበላው ባልደረባው ነው። በእነዚህ ሰዎች ፊት የአንድ አዛዥ ስሕተት፣ የአንድ መኮንን መፍረክረክ፣ ሰውን ለማዳን የተሰለፈ መርከብ ሰውን የሚገድልበት ሁኔታ በዝርዝር ሊነገር አይችልም። ስለዚህ ማስታወሻዎቹ የሚሉት ውሸት አይደለም፤ እውነትን እስከ አንድ ደጃፍ ድረስ አድርሰው እዚያ ይቆማሉ። ደጃፉን ለመክፈት ሌላ ጊዜና ሌላ ቅርፅ አስፈልጓል።

ከጦርነት በኋላ የተጻፈው

«ጨካኙ ባሕር» የተባለው ልብ ወለድ በ1951 ታተመ። ደራሲው ያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ፣ በብሪታንያ መንግሥት የማስታወቂያ ቢሮ ይሠራ ነበር፤ ከባሕር ርቆ፣ በደጋ ከተማ ተቀምጦ ጻፈው ማለት ነው። መጽሐፉ ከ1939 እስከ 1945 ባሉት ሰባት ዓመታት መሠረት በሰባት ክፍል ተከፍሏል። ዋናው ገጸ-ባሕርይ ኤሪክሰን ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ከንግድ መርከብ ሥራ ተጠርቶ ኮምፓስ ሮዝ የተባለች ኮርቬት እንዲያዝ የተሾመ ነባር ባሕረኛ ነው። ሎክሃርት የተባለው መኮንን ከጦርነቱ በፊት ጋዜጠኛ ነበር፤ ፌራቢ የባንክ ጸሐፊ፣ ሞረል የሕግ ጠበቃ ነበሩ። ባሕርን ከሥራው ጋር አጣምሮ የሚያውቀው አዛዡ ነው፤ ሌሎቹ መኮንኖች ከቢሮ የመጡ ሰዎች ናቸው።

የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ብርታት ሥራን በአግባቡ ማሳየቱ ነው። የጦርነት ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጊያው ለመድረስ ይቸኩላሉ። ሞንሳራት ግን የመጀመሪያውን ክፍል በሙሉ ለትምህርት ሰጥቶታል። መርከቢቱ ከፋብሪካ ወጥታ ዕቃዋ ሲሟላ፣ ሠራተኞቹ ሲመደቡ፣ የማይግባባው ሲጋጭ፣ የማያውቀው ሲሳሳት፣ ስሕተቱ ሲታረም አንባቢው ደረጃ በደረጃ ይከታተላል። የባንክ ጸሐፊው በጨለማ ውስጥ የቅፍለቱን መስመር ጠብቆ መርከብ መንዳት እስኪለምድ ድረስ የሚያልፍበት ፍርሃት በአንድ ዓረፍተ ነገር አልታለፈም። በመሆኑም በኋላ ጀግንነት ሲመጣ ከሰማይ የወረደ አይመስልም። ጀግንነቱ የአራት ሰዓት የጥበቃ ተራን ሳይሸሹ መፈጸም፣ ከዚያ ተኝቶ መነሣት፣ እንደገና መፈጸም ነው። ይህ ለደራስያን ትልቅ ትምህርት አለው፤ የሥራውን ዝርዝር ያላሳየ ድርሰት ስለ ጀግንነቱ የሚናገረው ሁሉ ባዶ ውዳሴ ሆኖ ይቀራልና።

ሁለተኛው ብርታት በትረካው አወቃቀር የሚታይ ነው። መጽሐፉ በዓመታት ቢከፈልም፣ በመካከሉ ደራሲው የዘመን ቅደም ተከተሉን አቁሞ ክስተቶችን አንድ በአንድ የሚጠራበት ክፍል አለ። በነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ መሪውን እንደያዘ ሞቶ የተገኘው ባሕረኛ ጊዜ፣ የተቃጠለው ሰው ጊዜ፣ ነዳጅ ጫኟ መርከብ የነደደችበት ጊዜ እያለ ይቆጥራቸዋል። ትዝታ በእርግጥ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው። ዘማች ቀን አይቆጥርም፤ «ያ ጊዜ» ይላል። ወሩን ቢጠይቁት ሊያመነታ ይችላል፤ የሟቹ እጅ መሪውን እንዴት እንደያዘ ግን አይዘነጋውም። ሞንሳራት ይህን የትዝታ ጠባይ ወደ ድርሰት ቅርፅ መለወጡ ይዘቱና ቅርፁ እንዲስማሙ አድርጓል።

በእውነተኛ ክስተትና በልብ ወለድ መካከል ያለውን ዝምድና ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በነሐሴ ወር 1941 ከሊቨርፑል ወደ ጂብራልታር የተጓዘ አንድ ቅፍለት በሰርጓጅ መርከቦችና በአውሮፕላን ተከታታይ ጥቃት ደረሰበት። ስምንት የንግድ መርከቦችና ሁለት አጃቢዎች ሰጠሙ፤ ከሰጠሙት አንዷ በሆነችው አጉዊላ ላይ ከባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል 21 ወጣት ሴቶችና አንዲት ነርስ አብረው ጠፉ። ከጥቃቱ ያመለጡት ብዙዎቹ መርከቦች ጉዞውን አቋርጠው ገለልተኛ በሆነችው ፖርቱጋል፣ በሊዝበን ወደብ ተጠለሉ። ካምፓኑላ ከአጃቢዎቹ አንዷ ነበረች። በልብ ወለዱም ውስጥ ወደ ጂብራልታር የሚሄድ ቅፍለት፣ ወጣት ሴቶችን የጫነች መርከብና የእነርሱ መጥፋት ይገኛሉ። ደራሲው ስሙንና ዝርዝሩን ለውጧል፤ የሐዘኑን ክብደት ግን አልለወጠም።

የወጋውም አልረሳም

የልብ ወለዱ ማዕከል ግን ሌላ ድርጊት ነው። አንድ የንግድ መርከብ ተመትታ ትሰጥማለች፤ የተረፉት ባሕረኞች ኮምፓስ ሮዝ እንድታወጣቸው ተስፋ አድርገው ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። በዚያች ቅጽበት አስዲኩ ከዋናተኞቹ ሥር ሰርጓጅ መርከብ ያለች መሆኗን ያመለክታል። ኤሪክሰን ሁለት ምርጫ ብቻ አለው። ሰዎቹን ለማውጣት ቢቆም ሰርጓጇ ሌሎች መርከቦችን፣ ምናልባትም የራሱን ትመታለች። የጥልቀት ቦምብ ቢጥል ዋናተኞቹን ይገድላል። ቦምቡን ይጥላል። ሰዎቹ ያልቃሉ። የሰርጓጇ ስባሪ ግን ወደ ላይ አይወጣም፤ እዚያ መኖሯም በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ይቀራል። ከገዛ ሠራተኞቹ መካከል ነፍሰ ገዳይ የሚለው ቃል ወደ አዛዡ ይወረወራል።

አበው የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተወጉት የሚረሱበትም የማይረሱበትም ዕድሜ አላገኙም፤ ውኃው ወስዷቸዋል። ሊረሳ የማይችለው የወጋው ነው። ደራሲው ኤሪክሰንን አይኮንነውም፤ ነጻም አያወጣውም። ትእዛዙ በጦርነቱ ሕግ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ ትክክል መሆኑ ግን ከአዛዡ ትከሻ ላይ ምንም ሸክም እንደማያነሳለት አብሮ ያሳያል። በ1942ቱ ማስታወሻ ሊነገር ያልቻለው ነገር ይህ ነው። በማስታወሻ መልክ ቢጻፍ ኖሮ የእገሌ መርከብ፣ የእገሌ አዛዥ ተብሎ ክስ ወይም መከላከያ በሆነ ነበር። ልብ ወለዱ ድርጊቱን ከአንድ ሰው ስም አላቅቆ የጦርነቱ የራሱ ጥያቄ አደረገው። እዚህ ላይ ፈጠራ ከማስታወሻ ይልቅ ለእውነት ቀርቧል ማለት ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ኮምፓስ ሮዝ በ1942 ራሷ ተመትታ ትሰጥማለች፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቿ በቀዝቃዛው ውኃ ላይ ያልቃሉ። ኤሪክሰንና ሎክሃርት ተርፈው በሌላ መርከብ ይቀጥላሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለቱ ሲተሳሰቡ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ያሰጠሟቸው ሰርጓጅ መርከቦች እጅግ ጥቂት ብቻ መሆናቸው ይታያል። ለድል ዜማ የለመደ አንባቢ ይህን ቁጥር እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል። ነገር ግን የአጃቢነትን ሥራ በትክክል የሚመዝነው ይኸው ቁጥር ነው። የሥራቸው ውጤት ያሰጠሟቸው ሰርጓጅ መርከቦች ሳይሆኑ፣ ሳይነኩ ወደብ የገቡት መርከቦች ናቸው፤ እነዚያን ደግሞ ማንም በሜዳሊያ አይቆጥራቸውም።

የትዝታው ወሰን

ልብ ወለዱ ይህን ያህል ርቆ ቢሄድም ሊታለፍ የማይገባ ጉድለት አለበት። ዓለሙን የሚያየው ከአጃቢዋ መርከብ መምሪያ ማማ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ሲታይ የንግድ መርከብ ባሕረኛ ከሩቅ የሚጓዝ ጥላ፣ ወይም ዘይት ጠጥቶ ከውኃ የሚወጣ አካል ነው። ስሙ፣ አገሩ፣ የሥራ ሁኔታው እምብዛም አይታወቅም። በእርግጥ ግን በጦርነቱ ከብሪታንያ የንግድ መርከቦች ሠራተኞች መካከል 30 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከሠራተኞቹ አንድ አራተኛ ያህሉ ከህንድ፣ ከቻይናና ከሌሎች አገሮች የመጡ፣ በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ነበሩ። እስከ 1941 ድረስ መርከቧ ስትሰጥም የባሕረኛው የሥራ ውልም አብሮ ያበቃ ነበር፤ ሥራው የማያቋርጥበት ሥርዓት የተዘረጋው በዚያ ዓመት ነው። ሞንሳራት በተወለደባት፣ ብዙ ቅፍለቶች በተነሡባት በሊቨርፑል ይኖሩ የነበሩ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ባሕረኞች ደግሞ በ1945 እና በ1946 በመንግሥት ትእዛዝ ወደ መጡበት ተጭነው ሲላኩ፣ ብዙዎቹ በከተማዋ ያፈሯቸውን ልጆች ለመሰናበት እንኳ ዕድል አላገኙም። ይህ ሁሉ በልብ ወለዱ አድማስ ውስጥ የለም።

በየብስ ስለቀሩት ሰዎችም የቀረበው ሥዕል ያልተመጣጠነ ነው። የጠበቃው የሞረል ሚስት ከዳተኛ ሆና ስትቀርብ፣ ሎክሃርት የሚያፈቅራት ጁሊ ደግሞ ጉድለት የሌለባት ሆና ትቀርባለች፤ ሁለቱም ከባሕረኞቹ ምኞትና ቁጣ የተቀረጹ ይመስላሉ እንጂ የራሳቸው ሕይወት ያላቸው ሰዎች ሆነው አልወጡም። ከዚህ የሚሻለው በቦምብ የምትሞተው የመርከበኛው የታሎው እኅት ታሪክ ነው። ከባሕር በሕይወት የተመለሰው ወንድም በየብስ የቀረችውን እኅቱን ሲያጣ፣ የጦር ሜዳውና የቤቱ ደጃፍ ልዩነት ይጠፋል።

መጽሐፉ በ1953 በቻርልስ ፍሬንድ አዘጋጅነት ወደ ፊልም ተለወጠ። ጃክ ሃውኪንስ ኤሪክሰንን ሆኖ ተጫውቷል፤ ለቀረጻውም ከግሪክ ባሕር ኃይል የተገኘች እውነተኛ ኮርቬት አገልግላለች። የፊልሙ ትልቅ ጥንካሬ የዋናተኞቹን ትዕይንት ሳያለሳልስ ማቅረቡ ነው። ካሜራው ተስፋ ካላቸው የዋናተኞች ፊት ወደ አዛዡ ፊት ሲመለስ፣ በጽሑፍ በብዙ አንቀጽ የተነገረው ነገር በአንድ ተዋናይ እንባ ይነገራል። ይሁንና የዋናተኞቹ ፊት የሚታየው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

ከውኃ በታች የታየው

ይህን ትዝታ ከወዲያኛው ወገን ትዝታ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ጀርመናዊው ሎታር-ጉንተር ቡህሃይም በ1941 የጦር ዘጋቢ ሆኖ በአንዲት ሰርጓጅ መርከብ ተጓዘ። እርሱም እንደ ሞንሳራት ሁለት ጊዜ ጽፏል። በ1943 በጀርመን የታተመው መጽሐፉ በናዚ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ መሥመር የተቃኘ ሲሆን፣ በ1973 የታተመው «ጀልባዋ» የተባለ ልብ ወለዱ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። በቀጭን የብረት በርሜል ውስጥ የታጨቁ ሃምሳ ያህል ሰዎች፣ የሻገተው ዳቦ፣ ለሳምንታት የሚዘልቀው መሰልቸት፣ ከላይ የሚፈነዳው የጥልቀት ቦምብ በአሰልቺነቱ ሳይቀር ተተርኳል። በሰርጓጅ መርከቦች ከዘመቱት 40 ሺህ ያህል ጀርመናውያን ወደ 30 ሺህ የሚጠጉት አለመመለሳቸው ሲታወስ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ለምን ሠላሳ ዓመት እንደወሰደ መረዳት አያዳግትም።

በሁለቱ ደራስያን መካከል ያለው ልዩነት ግን መታየት አለበት። ሞንሳራት ትእዛዝ የሰጠ ሰው ነው፤ ቡህሃይም ትእዛዝ ሲሰጥ ያየ ሰው ነው። የመጀመሪያው ትዝታ በኃላፊነት ጥያቄ ላይ የሚያተኩረው፣ የሁለተኛው ደግሞ በሥቃይ ሥዕል ላይ የሚበረታው ከዚህ የተነሣ ነው። በሥቃይ ሥዕል ላይ ብቻ የተመሠረተ ትዝታ አንድ አደጋ አለው። በጠባቡ ብረት ውስጥ ላሉት ሰዎች ያለን ሐዘኔታ እየጨመረ ሲሄድ፣ ብረቱ ለምን ወደዚያ እንደተላከና የላከውም ሥርዓት ምን ዓይነት እንደነበር ሊረሳ ይችላል። ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በ1981 ባዘጋጀው ፊልም ላይ ቡህሃይም ራሱ የሰላ ሂስ መሰንዘሩ ይታወቃል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ግን የሞንሳራትን ትዕይንት የሚያስታውስ ቦታ አለ። የሰርጓጇ ሠራተኞች የመቷት ነዳጅ ጫኝ መርከብ እየነደደች ሳለ፣ ሰዎች አሁንም በላይዋ መኖራቸውንና ወደ ውኃው መዝለላቸውን ያያሉ፤ አዛዡም ሊያወጣቸው አይችልምና ወደ ኋላ እንዲመለሱ ያዛል። ከላይ ያለው አጃቢ ዋናተኞቹን ይገድላል፤ ከታች ያለው አጥቂ ትቷቸው ይሄዳል። የሁለቱ ወገን ዘማቾች በዓመታት ርቀት ላይ ሆነው መልሰው መላልሰው የሚያዩት ያንኑ ሰው ነው፤ ውኃው ላይ እጁን ዘርግቶ የሚጮኸውን። በሁለቱም ሥራዎች ግን ያ ሰው የራሱ ትረካ የለውም። የዘማቹ ትዝታ ታላቅነት ይህን ሰው አለመርሳቱ ነው፤ ወሰኑም ስለ እርሱ ፈንታ መናገር አለመቻሉ ነው።

ለኢትዮጵያ የባሕር ትዝታ

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢና ደራሲ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምጽዋን ዋና ሰፈሩ አድርጎ ለሠላሳ ስድስት ዓመታት ያህል ባሕረኞችን አሠልጥኗል። ዋና መርከቡ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ራሷ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ነበረች፤ ኦርካ በሚል ስም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥር በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዘምታ፣ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ተዛወረች። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. የምጽዋ ወደብ በከባድ ውጊያ ተያዘ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ የቀሩት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ተበታተኑ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ደርሳ በ1993 ለብረትነት ተሸጠች። በላይዋ ያገለገሉት ሰዎች ዛሬ በአዛውንትነት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። መርከቧ የለችም፤ ወደቡም በሌላ አገር ይገኛል። የቀረው ትዝታው ነው።

ይህን ትዝታ ለሚጽፉም ሆነ ለሚያስጽፉ የሞንሳራት ሁለት መጻሕፍት ሦስት ነገር ያስተምራሉ። አንደኛው፣ ከውጊያው በፊት ሥራውን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። የሞተር ክፍሉ ሙቀት፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ሌሊት፣ በቀይ ባሕር ሐሩር በብረት ወለል ላይ የሚቆምበት የጥበቃ ተራ ካልተጻፈ የአዛዦች ስምና የጦርነት ቀን ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ዘማቹ ሊኮራበት የማይችለውን ድርጊት እንዲናገር ጊዜና ቅርፅ መስጠት ነው። በማስታወሻ መልክ ለመናገር የሚከብደውን በልብ ወለድ ወይም በቴአትር መልክ ሊናገረው ይችላል። በእርስ በርስ ጦርነት ላይ የዘመተ ሰው ከማዶ የነበረው ዘማችም በአንድ ቋንቋ እናቱን የሚጠራ መሆኑን ያውቃልና ይህ ለእርሱ ይበልጥ ይከብዳል። ሦስተኛው፣ ሞንሳራት ያልሠራውን መሥራት ነው። የወደቡ ጫኝና አውራጅ፣ የዓሣ አጥማጁ፣ በከተማው መካከል የቀረችው ሴት፣ በወዲያኛው ወገን የነበረው ዘማች ስለዚያው ቀን ምን እንደሚሉ አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሞንሳራት በ1979 ሲያርፍ እንደ ፈቃዱ በባሕር ኃይሉ አማካይነት በባሕር ላይ ተቀበረ። ከእርሱ ጋር የዘመቱት ብዙዎቹ ከዚያ ቀደም ብለው እዚያው ውኃ ውስጥ ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ ሰው ያየውን ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ዕድሜና ድፍረት ስላገኘ፣ ስለ ኮርቬቶቹ ዛሬ ከመዝገብ ቁጥር በላይ የሆነ ነገር ማወቅ ተችሏል። ባሕር ራሱ ምንም ስለማያስቀር፣ የባሕረኛው ቃል ካልተጻፈ የሚተካው ነገር የለም። የሚጻፈውም ቃል ውዳሴ ብቻ ከሆነ ውኃው ላይ እጁን የዘረጋው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይሰጥማል።